የፉሳኤ የቁም ቀብር

እታለም ኪኑኤ፣

ሰላምታዬን ከማድረሴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። ባለፈው መስከረም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ደጄ ላይ፣ የገዛ እህቴን ፊት በጨው ሞላሁት። ፉሳኤን! ከቀብር የመጣ ሰው ደፍ ሳይረግጥ ትከሻው ላይ ጨው እንደሚበተን አንቺም አልረሳሽውም። እናታችን «ሞት ቤት ድረስ እንዳይከተለን» እያለች ዐይናችን እስኪቃጠል ትበትንብን ነበር። እኔም ከቀብር መምጣቴ ነበርና እጄ ልማዱን አደረገ። ለራሴ በተንኩ፤ ዞር ስል ከኋላዬ የቆመችው ራሷ ሟቿ ናት። ክው ብዬ የቀረውን እፍኝ ፊቷ ላይ ለቀቅሁት። ጎረቤቴ ወይዘሮ ኢሶቤ መጥረጊያዋን እንደያዘች አየችኝ። እሷ ካየችው ደግሞ መንደሩ አየው ማለት ነው። ነገሩ እንዴት እዚያ እንደደረሰ እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን ጤናሽን ልጠይቅ።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? «ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል» ብለሽ ጽፈሽልኝ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ባለቤትሽን ሞሪዮን ያ ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ፓውሎ የአበባ እርሻውን አቀናው? የልጅ ልጅሽ ትንሿ ሌቲሲያስ አፏን ፈታች? ስትቆጣ በየትኛው ቋንቋ ነው የምትሰድብሽ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሱቄም አለ፤ አለ ከተባለ። ሰው የልብስ ቁልፍ ሲበጠስበት ሸሚዙን የሚጥልበት ዘመን ስለመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ክርና ቁልፍ እየደረደርኩ የመንገደኛ ጫማ አያለሁ። ደግነቱ እዚህ ካማታ ሰፈር ውስጥ የሚታይ አይጠፋም።

«እዚህ በስደት ያለን ጃፓኖች ጋዜጣ ላይ የዘፋኝና የፊልም ተዋናይት ሩሪ ኡኪሺማ ቀብር በቶኪዮ ተፈጸመ የሚል አየሁ፤ እህታችን ሞታ ነው የደበቅሽኝ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ሁለት ቀን አለቀስኩም ብለሻል። እንባሽን አብሺ፣ እታለም። ሩሪ ኡኪሺማ የሚለው የመድረክ ስሟ በእርግጥ ተቀብሯል። ፉሳኤ ግን ይህን ስጽፍልሽ ከራሴ በላይ ፎቁ ላይ ናት፤ ቁም ሣጥኔን እየበረበረች ነው። የሚያምር ካፖርት ፈልጋ ነው። የት ልትሄድ እንደተነሣች ስደርስበት እነግርሻለሁ።

አንቺ ባሕር ስትሻገሪ ፉሳኤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ትዝ ይልሻል፣ በመርከቡና በወደቡ መካከል ያ ሁሉ የወረቀት ጥብጣብ ተዘርግቶ ሰው ሲላቀስ እሷ በርሜል ላይ ወጥታ መዝፈን ጀመረች። መርከበኞቹ ከረሜላ ወረወሩላት። እኔና እናታችን ባንቺ ስንነፈርቅ እሷ ከረሜላ ትለቅም ነበር። ሰው ሲለያይ መዝፈን እንጀራ እንደሚሆን ያን ቀን የገባት ይመስለኛል። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ አቶ ሂዳካ የሚባል የዘፋኞች ወኪል ቢሮው ወሰዳትና ስም ቀየረላት። «ቀይ ጃንጥላ በወደቡ» የሚለውን ዘፈን አዘፈናት፤ በዓመቱ ጸጉር አስተካካዩ፣ ዓሣ ሻጩ፣ የባቡር ትኬት ቆራጩ ሁሉ ያንጎራጉረው ጀመር። ይህን በጊዜው ጽፌልሽ ነበር። ያልጻፍኩልሽ ከእሷ ጋር በአንድ ወር ስለተቀጠረችው ሚቺሩ ስለምትባለው ልጅ ነው። ሁለቱ በሂዳካ ቤት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰው ነው ያደጉት። ይህን ብርድ ልብስ ያዢልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ከዘፈኑ ቀጥሎ ፊልሙ መጣ። የእኛ ፉሳኤ በፊልም ላይ ሥራዋ አንድ ነበር፤ መሞት። በሳንባ በሽታ ሞተች፣ ከገደል ወርዳ ሞተች፣ ለማይረባ ወንድ ብላ መርዝ ጠጥታ ሞተች፣ በበረዶ ላይ ቀይ ሻርፗ እየተጎተተ ሞተች። ሕዝቡ ስትሞት ለማየት ዝናብ ላይ ይሰለፍ ነበር። ሴቶች ለእሷ ማልቀሻ መሐረብ ይገዙ ነበር ስልሽ እኔ ራሴ ከዚሁ ሱቅ ሸጫለሁ። ሚቺሩ ደግሞ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ይዛ የምታለቅሰው ጓደኛ ነበረች። ስሟን የሚያስታውስ አልነበረም፤ «ያቺ እጅ የምትይዘዋ» ነበር የምትባለው።

ታዲያ አምሮ ለመሞት ወጣት መሆን ያስፈልጋል፣ እታለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላት አንዱ ዳይሬክተር «እመቤት ሩሪ፣ ከእንግዲህ ብትሞቺ ማን ያለቅሳል? ዕድሜዋ ነው ይላሉ እንጂ» ብሏት አረፈ። በየፊልሙ በሕይወት ስትተርፍ የኖረችው ሚቺሩ በበኩሏ እናት ሆነች፣ አማት ሆነች፣ የሱቅ ባለቤት ሆነች። ለካ ያን ሁሉ ዘመን መኖርን የተለማመደችው እሷ ነበረች! የእኛዋ ግን ከሞት በቀር የተማረችው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በየፍል ውኃው ሆቴል እየዞረች፣ ሰው ሸርጣን ሲቀረጥፍ፣ ትዘፍን ጀመር። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ነበር። «ቀይ ጃንጥላ»ን አጋምሳዋለች፣ አንድ በመታጠቢያ ልብስ የተቀመጠ ሰውዬ ሹካውን ወደ ጎን እያወዛወዘ «እሜቴ፣ ትንሽ ዞር በይልን፤ ቴሌቪዥኑን ከለልሽን» አላት። ዞር አለች። ዞር ብላ ጨረሰችው።

ቤቷን ለቃ ወደ እኔ ፎቅ ከገባች በኋላ፣ ባለፈው ሐምሌ፣ ሂዳካ በትልቅ ሣጥን ውድ የስጦታ ሐብሐብ ይዞ ሱቄ መጣ። እንዲያ ያለ ሐብሐብ ይዞ የሚመጣ ሰው ወይ ሊያገባሽ ነው ወይ ሊቀብርሽ። «ፉሳኤ ልትሞት ነው» አለን፣ ላቡን እየጠረገ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው በሕይወት እያለ ቀብሩን የሚያስፈጽምበት፣ ወዳጆቹን ጠርቶ ምስጋናውን በጆሮው የሚሰማበት ልማድ በታዋቂዎቹ ዘንድ መጥቷል። አንዳንዱ ከልቡ ያደርገዋል፤ ሂዳካ ግን የፈለገው ካሜራ ነው። «አቶ ናጉሞ የሚባል የቴሌቪዥን ሰው ስለ አንድ የዓሣ ነጋዴ ቤተሰብ ተከታታይ ድራማ እያዘጋጀ ነው። እናትየዋ አልተገኘችም። ሕዝቡ አንድ ሳምንት ስለ ሩሪ ካወራ የእናትየዋ ቦታ የሩሪ ነው ብሎኛል» አለ። እናት! የምትኖር፣ ዓሣ የምትሸጥ፣ ልጅ የምትገርፍ፣ እስከ መጨረሻው ክፍል የማትሞት እናት! ፉሳኤ ዐይኗ በራ። እኔ «አንቺ፣ ሟርት ነው፣ ይቅርብሽ» ብላት «እህትዬ፣ በዚህ ዓለም ላይ አጣርቼ የማውቀው ሙያ መሞት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልሙትና ልኑርበት» አለችኝ።

ቀብሩ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተደረገ። የሚጸልይ መነኩሴ ለመጋበዝ ተሞክሮ፣ የተጠየቀው ሁሉ «ሬሳው ሲገኝ ጥሩን» ስላለ፣ በፊልም መነኩሴ ሆኖ የሚሠራ ሰውዬ መጥቶ ጸለየ፤ ደግሞ ከእውነተኛው ይልቅ ድምፁ ያምር ነበር። መሠዊያው ጣሪያ እስኪነካ በነጭ አበባ ተሞላ። መካከሉ ላይ በጥቁር ጥብጣብ የታሰረ ትልቅ ፎቶግራፏ ቆመ። በሃያ አራት ዓመቷ የተነሣችው ነው፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፤ ያንኑ ልኬልሽ ነበር። «ለምን የአሁኑ አልሆነም?» ብዬ ብጠይቅ ሂዳካ «ሰው ሊያለቅስ ነው የሚመጣው እንጂ ሊያዝን አይደለም» አለኝ። ሟቿ ራሷ ጥቁር ኪሞኖ ለብሳ ከጎኔ፣ ከቤተሰብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ያው በልማዱ ወዳጅ ተነሥቶ ፎቶውን እያየ ሟቹን ያናግራል። ተነሺ የተባለችው ሚቺሩ ናት። አሁን የተከበረች ሴትዮ ሆናለች፤ ስትራመድ ወለሉ ራሱ የሚጎነበስላት ይመስላል። «ሩሪዬ፣ እዚያ ሆነሽ ትሰሚኛለሽ?» ስትል ሰው ሁሉ ወደ ወንበራችን ዞሮ ሳቀ። «ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይባላል፤ አንቺ ስላልሞትሽ ትንሽ ይፈቀድልኛል። ልጆች ሆነን በአንድ ብርድ ልብስ ስንተኛ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ራስሽ ትጎትቺው ነበር። ፊልም ስንሠራም መብራቱን ወደ ራስሽ ትጎትቺው ነበር። በሞትሽ ቁጥር እጅሽን ይዤ አለቀስኩ፤ ካሜራው ግን አንድ ቀን እንኳ ፊቴ ላይ አልቆመም። ድምፅሽ እንደ ብርሌ የጠራ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። አሁን ዕረፊ፣ እህቴ። ከእንግዲህ ብርድ ልብሱን እኔ እለብሰዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። በቀብር ላይ ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፉሳኤም ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች። ከጠረጴዛው በታች ግን ጥፍሯ ጉልበቴ ውስጥ ገብቷል። «ሳቂ፣ አንቺም ሳቂ፣ ካሜራ አለ» ትለኛለች በጥርሷ መካከል።

ቀጥሎ ሰዉ በተራ በተራ እየወጣ ለፎቶው አንዳንድ አበባ ያኖር፣ ለፎቶው ይሰግድ ጀመር። ከጎን ለተቀመጠችው አንገቱን የነቀነቀ እንኳ ጥቂት ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከእኛ አገር ከሰሜን በባቡር መጥቶ ነበር። «ቀይ ጃንጥላ»ን ባሕር ላይ ሲሰማ ነው የኖረው፤ በፎቶው ፊት ቆሞ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ፉሳኤ አላስቻላትም። ከወንበሯ ተነሥታ ሄዳ ክንዱን ያዝ አደረገችና «አባባ፣ ይህን ያህል መንገድ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለችው። ሽማግሌው ክንዱን መነጨቃት። «እመቤት፣ አንቺም እንደ ሰው ተራሽን ጠብቂ። ገና አልተሰናበትኳትም» አላት። እመኚኝ፣ እታለም፣ ተራዋን ልትጠብቅ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች። ምን ታድርግ? ካሜራ አለ።

መጨረሻ ላይ ተነሥታ ዘፈነች። ዘፈነች ልበልሽ እንጂ ሂዳካ ማይክሮፎኗን አዘግቶ የድሮውን ሸክላ ነበር ያስጫወተው፤ እሷ አፏን ብቻ ትከፍታለች። ሰዉ ለሸክላው አለቀሰ። አቶ ናጉሞ ግን አላለቀሰም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፎቶውን አፍጥጦ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየ። ፉሳኤ ስትመለስ ጎኔን ጎሰም አድርጋ «አየሽው? ዐይኑን መንቀል አቃተው! ቦታው የእኔ ነው» አለችኝ። ከዚያ ታክሲ ተሳፍረን መጣን፤ ደጄ ላይ ደርሰን ያን የጨው ነገር ሠራሁ። ፉሳኤ ጨዉን ከቅንድቧ እየጠረገች «ለካ በእውነትም ሞቻለሁ» ብላ ስቃ ገባች። ያን ዕለት ስቃለች።

ሕዝቡ አንድ ሳምንት አይደለም፣ ወር ሙሉ አወራ። ከሁሉ የባሰ ያወራው ግን የእኛ መንደር ነው። ወይዘሮ ኢሶቤ ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ተደግፋ «ደህና አደርሽ፣ የቁልፍ ቤቷ! ሟቿ ዛሬ ምን ቀመሰች?» ትለኛለች። ዓሣ ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ «እመቤት ሩሪ፣ ለሙታን መሠዊያ ነው ወይስ ለሆድ?» ይላታል። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ሴቶቹ አንድ በአንድ ከገንዳው ይወጡላታል። እንዲህ ሰፊ ገንዳ ለብቻዋ ተንፈላስሳ የታጠበች ሴት በካማታ የለችም። እሷ ግን አልተከፋችም፤ «ይሳቁ፣ ጥር ላይ ቴሌቪዥናቸውን ሲከፍቱ እናታቸው ሆኜ እመጣባቸዋለሁ» ትል ነበር።

ሂዳካ ተመልሶ ሲመጣ ሐብሐብ አልያዘም። ባዶ እጁን ሳየው ገባኝ። ለድራማው ገንዘብ የሚከፍለው የአኩሪ አተር ስጎ ፋብሪካ ሰዎች «የሞተች ሴት የሠራችውን ሾርባ ማን ይጠጣል? ቀብሯን በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ምግቡ አይወርድለትም» ብለዋል። እናትየዋ ሚቺሩ ሆናለች። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሂዳካ እጁን አንሥቶ «ናጉሞ ግን አልረሳሽም፣ አንቺም አለሽበት» አላት። በድራማው ውስጥ ዓሣ ነጋዴው ቀደም ሲል የሞተች፣ ወጣት፣ ቆንጆ ሚስት ነበረችው። ሚቺሩ ሁለተኛዋ ሚስት ናት። የመጀመሪያዋ ሟች በሚታሰብበት የሳሎኑ መሠዊያ ላይ ፎቶዋ አለ። ናጉሞ ያን ፎቶ ካየ ጀምሮ ሌላ ሟች አልታየውም።

ፉሳኤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠየቀችው። «ምን ምን እናገራለሁ?» «ምንም።» «መቼ መቼ እመጣለሁ?» «መምጣት አያስፈልግም፤ ፎቶው እኛ ጋ አለ።» እኔ ይኼኔ ሻይ ትደፋበታለች ብዬ ጽዋውን አራቅሁ። እሷ ግን ትንሽ አሰበችና «በየክፍሉ እታያለሁ?» አለችው። «መሠዊያው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ፣ አዎን፣ በየክፍሉ።» «ሚቺሩስ በየክፍሉ አለች?» «አንዳንዱ ላይ የለችም።» ፉሳኤ ተቀበለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ላገኘችው ሁሉ «ጥር ላይ የሚጀመረው ድራማ ላይ በየክፍሉ አለሁ» እያለች ትናገራለች። ወይዘሮ ኢሶቤ እንኳ ለሁለት ቀን ዝም ብላ ነበር፤ ነገሩን እስክታጣራ።

ትናንት ስቱዲዮ ይዛኝ ሄደች። ማንም አልጠራንም። ግን በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ፤ አንድ ተዋናይ የመጨረሻ ሥራውን ሲጨርስ ረዳት ዳይሬክተሩ ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ትልቅ የአበባ እቅፍ ይሰጠዋል። ድሮ በየፊልሙ ከሞተች በኋላ ከሬሳ ሣጥኑ ተነሥታ እቅፉን ስትቀበል የተነሣቻቸው ፎቶዎች አሁንም ክፍሏ ውስጥ ተደርድረዋል። የሟቿ ፎቶ ሥራ ትናንት እንደሚያልቅ ሰምታ፣ በባቡሩ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ስለ አበባው ቀለም ነው ያወራችኝ። እንግዳ ባዶ እጁን አይገባምና በጣፋጭ ባቄላ የተሞላ የሩዝ ኬክ በሣጥን ገዝታ፣ እንደ ደንቡ ስሟን በትልቁ ጽፋ ለጠፈችበት። መብራት የምታዞር አንዲት ወጣት አንዱን ጎርሳ «ሩሪ ኡኪሺማ ማን ናት?» አለች። ጓደኛዋ በአገጯ ወደ መሠዊያው አሳየቻት። «ያቺ? ሙት ደግሞ ኬክ ይልካል እንዴ?» ብላ ሁለተኛውን አነሣች። ሣጥኑን የያዝነው እኛ ነን፣ እታለም፤ ከእኛ እጅ ነው ያነሣችው።

ከካሜራው ኋላ ቆመን አየን። ሚቺሩ የዓሣ ሻጭ ሽርጥ አድርጋ መጣች፤ በፎቶው ፊት ተንበረከከች፣ ትንሽ ሳህን ሩዝ አኖረች፣ ቃጭሏን መታችና «እህቴ፣ ልጆችሽ ጠግበው ተኙ። አንቺም ብዪ» አለች። ደግሞ ስታምር! እኔ ራሴ ዐይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ጠረግሁና አፈርኩ። ረዳቱ ተነሥቶ ጮኸ፤ «የመጀመሪያዋ ሚስት፣ ሩሪ ኡኪሺማ፣ በዚህ ሥራዋን ጨርሳለች! እናመሰግናለን!» ጭብጨባው ቀለጠ። አበባ የያዘችው ልጅ ወደ እኛ ስትመጣ ፉሳኤ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ፊት ወጣች። ልጅቷ «ይቅርታ እማማ፣ ያሳልፉኝ» ብላ በጎኗ አለፈች፣ ሄዳም እቅፉን በፎቶው ፊት አኖረችው። ሁሉም ለፎቶው እጅ ነሣ። ፉሳኤ በተዘረጉት እጆቿ ምን ታድርግባቸው? አጨበጨበችባቸው። ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበች። ሚቺሩ ከተንበረከከችበት በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ አየችን። እንዳየችን አየሁ። ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ ለፎቶው።

«አበባዬን ተቀበዪልኝ፣ በባቡር ይዤው ልሂድ» አለችኝ ፉሳኤ። ሄጄ ላነሣው ስል የዕቃው ኃላፊ እጄን ያዘኝ። «እማማ፣ አይነካም። ከነገ ወዲያ ይህ የድራማው ቤት ይቃጠላል። ዳይሬክተሩ አበባው ሲነድ ያምራል፣ እንዳለ ይቆይ ብሏል።» «ፎቶውስ?» አልኩት። «ፎቶውም እዚያው ነው።» ለካ ሥራዋ ያለቀው ለዚህ ነው! በሦስተኛው ክፍል ቤቱ በእሳት ይያያዛል፣ እናትየዋ ትንሹን ልጅ ይዛ ትወጣለች። ፎቶውን ይዛ ከወጣች በአዲሱ ቤት መሠዊያ ላይ ይቀመጣል፣ ፉሳኤም እስከ መጋቢት፣ እስከ መጨረሻው ክፍል አለች። ካላወጣችው አመድ ናት። ታዲያ ጽሑፉ ምን ይላል ብዬ ሰውየውን ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «ጽሑፉ ምንም አይልም። ዳይሬክተሩ ለእመቤት ሚቺሩ አንድ እጅሽ ልጁን ይያዝ፣ ሌላው የተሰማውን ያድርግ ብሏታል። እሷ ደግሞ ሲደርስ አያለሁ ብላለች። ቤቱ አንድ ነው፤ ሁለቴ አይቃጠልም።»

በባቡር ስንመለስ ፉሳኤ ኬኩ ያለቀበትን ባዶ ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮት መስኮቱን ታይ ነበር። ካማታ ልንደርስ ስንል «በሦስተኛው ክፍል እሞታለሁ ማለት ነው? ከሞትኩ በኋላ?» አለችኝ።

ይኸው አሁን ወረደች። የእኔን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት አግኝታዋለች። ለአዲስ ዓመት ያስቀመጥኩትን ጨዋማ ሳልሞንም በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። «የት ነው?» አልኳት፣ አውቄው። «ሚቺሩ ቤት። ልሰግድላት።» «ግንባርሽን ምንጣፍ ላይ አድርገሽ?» «ምንጣፍ ካላት። ከሌላትም መሬት አይጠፋም።» «ለአንድ ፎቶ፣ ፉሳኤ? እንደዚያ ከተናገረችሽ በኋላ?» ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አየችኝ። «ፎቶ አይደለም። ሥራዬ ነው። ሌላ ሥራ አለኝ እንዴ?» አለችኝ። ወይዘሮ ኢሶቤ እንደ ልማዷ ከመጥረጊያዋ ጋር ብቅ ብላ «ወዴት ነው ሟቿ፣ ተውባ?» ብትላት «ልቃጠል!» ብላት አለፈች። መጥረጊያው ቆመ። በዛሬው መልሷ እንኳ ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለሞሪዮ፣ ያ የዝንጅብል ፈሳሽ በማር እንዳይቋረጥበት። ለፓውሎና ለሚስቱ፣ አበባቸው ይፋፋ፤ ለቀብር ከሚሸጡ ለሠርግ ይሽጡ። ለሌቲሲያ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ስትዘፍን ከረሜላ የሚወረውርላት ሰው ካለ ግን ከረሜላውን ነጥቀሽ ራስሽ ብዪው። ጎረቤትሽን፣ የቪዲዮ ካሴት የምትቀዳልሽን ደጓን ሴትዮ፣ ከጥር ጀምሮ ሰኞ ሰኞ የሚታየውን ድራማ እንድታስመጣልሽ አስቀድመሽ ለምኛት። ፉሳኤም ሰላም ብላሻለች፤ «በየክፍሉ አለሁ በያት» ብላኛለች። እንዳለችኝ ጻፍኩልሽ።

ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመልሳ ያለችኝን ግን ልንገርሽ። «ነገ ከቃጠሎው ስመለስ ጨው ይዘሽ ደጅ ቁሚልኝ። ሚቺሩ ከተወችኝ ከገዛ ቀብሬ መምጣቴ ነውና አንድ እፍኝ በትኚብኝ፤ እንደዚያን ጊዜው ግን ፊቴ ላይ አይሁን። ካወጣችኝ ጨዉን ለዓሣ አስቀምጪው» አለች። ይኸው ጨዉን ከቁልፎቹ ጎን፣ ባንኮኒው ላይ አኑሬ ተቀምጫለሁ። ትከሻዋ ላይ ይፍሰስ ወይም ዓሣ ይታሽበት፣ በማግስቱ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ታናሽሽ ቶኪዬ
ካማታ፣ ቶኪዮ
እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1997